በአጎቴ በጀት የተሄደ መንገድ

አጎቴ መንገድ ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ጠላቱ ነበር። ሻይ ቤት ጠላቱ ነው፣ አልጋ ቤት ጠላቱ ነው፣ ከመኪና ጣሪያ ላይ ዕቃ አውርዶ እጁን የሚዘረጋ ተሸካሚ ደግሞ የደም ጠላቱ። ወልቂጤ ውስጥ የባትሪ ድንጋይና ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሱቋን ዘግቶ በሄደ ቁጥር ለእያንዳንዱ የመንገድ ቀን በጀት ይቆርጥና ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። ቋጠሮው ካለቀ በዚያን ቀን ውኃ ነው የሚጠጣው። «ቀን እንደ በግ ነው፤ የሰጠኸውን ሁሉ ይበላል» ይል ነበር። እኔም እንደ ሌላው ዘመድ እስቅበት ነበር፣ አንድ ጊዜ አብሬው እስክሄድ ድረስ።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ክልልና ዞን የሚሉትን ቃላት አፋችን ገና ያልለመደበት፣ ሞባይል የሚባል ነገር በወሬ እንኳ ያልደረሰበት ዘመን ነበር። እኔ ወልቂጤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የተቀደደ ሱሪ እየጠገንኩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነበርኩ። እናትና አባቴ ያሉት በተራራው ወዲያ ማዶ፣ ከእንሴኖ ትንሽ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። አንድ ቀን በርበሬ ይዞ የመጣ ያገሬ ሰው በረንዳዬ ላይ ቁጭ አለና፣ «አባትሽ ሆዱን ታሟል። አልጋ ከያዘ ሰንብቷል። ያንቺን ስም እየጠራ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ አባዬ በሕይወት ነበር። ይህን ደጋግሜ የምለው ለራሴም እንዳይጠፋኝ ነው።

የዕቁብ ዳኛውን ለምኜ ዕጣዬን አስቀድሜ ወሰድኩ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አባዬን ከአልጋው አንስቼ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ማድረስ። ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት፣ ቢያስተኙትም ለአልጋው። በእጄ ያለው እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ሳንቲም ከባከነ ደግሞ ጨርሶ እንደማይበቃ ይበልጥ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የእናቴ ወንድም የሆነው ይህ አጎቴ «እኔ አደርስሻለሁ» ሲለኝ ደስ ያለኝ። ብር ከእጁ ከማይወጣ ሰው ጋር መሄድ ያዋጣኛል አልኩ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በአውቶቡስ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከወልቂጤ ተነስቶ አዲስ አበባ መግባት፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይዞ ወደ ቡታጅራ መውረድ። ከቀናሽ በዚያው ቀን ማታ እንሴኖ ትገቢያለሽ። ሁለተኛው የአጎቴ መንገድ ነው።

«አዲስ አበባማ» አለ፣ «ለሽንት ቤት እንኳ ይከፈላል። በተራራው ብንሄድ ግን እምድብር እህቴ አለች፣ አገና ወዳጄ አለ፣ ቡታጅራ የአጎቴ ልጅ አለ። ዘመድ ባለበት አገር አልጋ የሚከራይ እብድ ብቻ ነው። የሁለት አውቶቡስ ሂሳብ ለአባትሽ መድኃኒት አይሆንም?»

ይሆናል አልኩ። መድኃኒት የሚለውን ቃል ካነሳብኝ በኋላ ምን መልስ አለኝ?

ከወልቂጤ የወጣነው ግን ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው። አጎቴ የመጀመሪያው ሚኒባስ ረዳት ዋጋ ጨመረ ብሎ ተጣላ፣ ሁለተኛውን «ትርፍ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሙሉ አይከፍልም» ብሎ ተከራከረ፣ ሦስተኛው ገና ሲያየው በሩን ዘጋበት። በመጨረሻ ባዶ የቢራ ሳጥን የጫነ አይሱዙ አገኘልኝ፤ እኔ ሳጥን ላይ፣ እሱ ጎማ ላይ ተቀምጠን፣ ጠርሙሱ እየተንጫጫ፣ አቧራውን እየቃምን እምድብር ደረስን። አጎቴ ከመኪናው ሲወርድ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል። የዕለቱን በጀት ግማሽ እንኳ አልነካነውማ።

ደስታው እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ነው የቆየው። ባዶ እጅ ዘመድ ቤት አይገባም፤ ዳቦና ስኳር ሲገዛ የአንድ አልጋ ኪራይ ሄደ። አክስቴ ደግሞ ስታየን እልል ብላ ዶሮ አስያዘች። በበነጋታው ጠዋት ልንወጣ ስንል ደጃፉ ላይ ቆመች፤ «ምን በደልኳችሁ? ከቤቴ ቁርስ ሳትቀምሱ ትሄዳላችሁ? የሰው ቤት ነው እንዴ?» እያለች ቆጮው እስኪጋገር፣ ጎመኑ እስኪታሽ፣ ጎረቤት መጥቶ «አባትሽ እንዴት ነው? እግዜር ይማረው» እስኪለኝ ድረስ ጠዋቱ አለቀ። እኔ በውስጤ እየተቃጠልኩ ነው። አጎቴ ግን ሁለት ጊዜ የታጠፈ ቆጮ እየጎረሰ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል።

አገና የገባነው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። የአጎቴ ወዳጅ ገብስ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ስለነበሩ ሚስታቸው ተቀብለውን ገባን። እኔ ቁጭ ማለት ስለማልችል ቢላዋ ወሰድኩና ጎመን መክተፍ ያዝኩ። ሽማግሌው ሲመጡ ከበሩ ላይ አዩኝ፤ ሰላምታ ሊሰጡኝ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ አጎቴን ወደ እንሰቱ ጓሮ ጠሩት።

ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ የገቡት ሽማግሌው ናቸው፤ ለሚስታቸው ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ሴትዮዋ ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱና፣ «ተቀመጪ፣ ልጄ። አንቺ እንግዳ ነሽ» ብለው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ለወንዶቹ ይቀርባል ብዬ ያሰብኩት ቅቤ እኔ ፊት ቀረበ። አጎቴ ከጓሮ የመጣው ዘግይቶ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብለት፣ «ሆዴን ቆርጦኛል» አለ።

«ነፃ ምግብ ትቶ ማደር ከመቼ ወዲህ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

አልሳቀም። ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ በራሴ ቀልድ ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጎህ ሳይቀድ አጎቴ ቀሰቀሰኝ። ደጅ ስወጣ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ቆሟል፤ አጠገቡ በጋቢ የተጠቀለለ ባለቤቱ።

«ፈረሱ ላይ ውጪ» አለኝ አጎቴ። «እስከ ቡታጅራ ያደርስሻል።»

ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ዋጋውን። ሲነግረኝ ያበደ መሰለኝ። እስካሁን በመንገዱ ያተረፍነውን ሁሉ የሚበላ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? ይህኮ የአባዬ መድኃኒት ነው።»

«ግዴለም፣ እኔ እከፍላለሁ።»

«አንተስ ብትከፍል? ስንቱን እንደሚጠይቁን ሐኪም ቤት ገብተን እናየው የለ? ያን ጊዜ ትሰጠኛለህ። እግር እያለኝ ፈረስ አልከራይም።»

አጎቴ ዓይኑን ወደ ሽማግሌው ወረወረ፤ ሽማግሌውና ሚስታቸው መሬት መሬት ያያሉ። የፈረሱ ባለቤት ወደ እኔ ቀረበና፣ «በነፃ ውጪ፣ እህቴ። ወላሂ ሳንቲም አልቀበልሽም» አለኝ።

ይኼ ይበልጥ አስደነገጠኝ። በነፃ የተጫነ ፈረስ ቡታጅራ ሲደርስ እጥፍ እንደሚያስከፍል የነገረኝ ራሱ አጎቴ ነው፤ ያደግሁት በሱ ትምህርት ነው። ደግሞም የማላውቀው ሰው ለምን ይመጸውተኛል? «እግዜር ይስጥህ፤ የሚያዝንልኝ አባት አለኝ» ብዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና መንገድ ጀመርኩ።

የሚያዝንልኝ አባት አለኝ። ይህን ያልኩት በአራት ሰው ፊት ነው። አራቱም ሰምተው ዝም አሉ።

ደጋው ላይ ብርዱ ይቆርጣል። እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ ገብስ ብቻ ሆነ፤ ጉሙ ከፊታችን እየተገለጠ ከኋላችን ይዘጋል። አጎቴ ከፊት ከፊት ይሮጣል ማለት ይቻላል። ዞሮ «ፍጠኚ» ይለኛል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ «ፍጠኚ እንጂ» ይለኛል። ትናንት ቆጮ እየጎረሰ ሲቀልድብኝ የነበረው ሰው! እኔም ብድሬን አገኘሁ ብዬ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ» እያልኩ እመልስለታለሁ። የፕላስቲክ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት ስለነበር በጣም መፍጠን አልቻልኩም፤ ያን ግን አልነገርኩትም። ከነገርኩት ፈረስ ሊፈልግብኝ ነው።

አንዲት መንደር ስንደርስ ሻይና ዳቦ አዘዘልኝ። አጎቴ! ሻይ! ዳቦውን ከሰፌድ ላይ አንስቶ በእጄ አስያዘኝ።

«አልጠጣም» አልኩት። «ውኃ ይበቃኛል። የሻይ ልማድ ካወጣን አያልቅልንም።»

«እባክሽ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠጪልኝ።»

«አንተ ጠጣ።»

እሱም አልጠጣም። ሻይዋ እዚያው ቀዘቀዘች፤ ሻጭዋ ሂሳብ አልቀበልም ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። መንገድ ላይ የምናገኛቸው ገበያተኞችም አጎቴን ሰላም ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እኔን ሲያዩ ደግሞ መንገድ ይለቁልኛል። ምን ነበር ያሰብኩት? የዚህ ደጋ ሰው ጨዋ ነው ብዬ አሰብኩ። አጎቴ ከወዳጁ ጋር፣ በገንዘብ ይሁን በሌላ ነገር፣ ተጣልቷል ብዬም አሰብኩ። አባዬን ግን አላሰብኩም። አባዬን የማስበው በሌላ በኩል ነበር፤ አዲስ አበባ ሲገባ ሕንፃ እያየ ምን እንደሚል፣ የሐኪም ቤት ፒጃማ ሲያለብሱት እንዴት እንደሚቆጣ።

አጎቴ ሰዓት ያሰረ ሰው ባየ ቁጥር «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። አምስት ሰዓት ሲሉት ይሮጣል። ሰባት ሲሉት ይሮጣል። ስምንት ተኩል ሲሉት ትከሻዬን ይዞ ገፋኝ፤ ተቆጥቼ እጁን አራገፍኩት። ተራራው አፋፍ ላይ ደርሰን የመስቃን ሜዳ እንደ ምንጣፍ ከታች ተዘርግቶ ሲታየን ግን አንድ መንገደኛ «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል» አለው። አጎቴ ቆመ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አረፍ በይ፣ እግርሽን አሳርፊ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ፍጠኚ ብሎኝ አያውቅም።

እኔም ቁጭ አልኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነፋስ አስመታሁ። ሜዳውን እያየሁ የእንሴኖ ቆርቆሮ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ። ወደዚያ ለማየት አንገቱን ቀና አላደረገም። እኔ ደህና ዕረፍት አገኘሁ ብዬ አመሰገንኩት።

ቡታጅራ ስንገባ መሽቷል። ጋሪም ሆነ መኪና ተፈልጎ ወደ እንሴኖ እንቀጥል ብዬ አጥብቄ ለመንኩ፤ አጎቴ አይሆንም አለ። ወደ አጎቱ ልጅ ቤት ወሰደኝ። የቤቱ እመቤት ለብ ባለ ውኃ ጨው ጨምራ እግሬን አጠበችኝ፤ የተላጠ ተረከዜን አይታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ኧረ ይድናል፣ ጫማ ነው» ብዬ እኔ አጽናናኋት! ከዚያ አጎቴ ያላጠፋውን የመንገድ ብርና የራሴን አንድ ላይ አድርጌ ሰዎቹን ምክር ጠየቅሁ። የትኛው ሐኪም ቤት ይሻላል? አባዬ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ካልቻለ መኪና ስንት ይጠይቁን ይሆን? በተራራው በመምጣታችን ይህን ያህል እንደተረፈን፣ ፈረስ ሊያስከራየኝ ሲል እንዴት እንዳስቀረሁት እየሳቅሁ አወራሁላቸው።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። «ነገ እንነጋገራለን» አለ የቤቱ ባለቤት። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ሄጄ ተኛሁ፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገቡ። አንዳቸውም እንዴት አደርሽ አላሉኝም። መርዶ ሊያረዳ የመጣን ሰው ማንም አይስተውም፤ ከአገባቡ ይታወቃል። የመጀመሪያው አፉን ሳይከፍት ጮኼ ነበር።

ጩኸቱ ሲወጣልኝ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «መቼ?»

አባዬ የሞተው እምድብር በገባንበት ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አክስቴ ዶሮ ስታስይዝልን፣ ማለት ነው። በአውቶቡስ ብሄድ ኖሮ ዓይኑን አየው ነበር ወይ የሚለውን ተዉት፤ እሱን እግዜር ያውቃል። በበነጋታው የሞቱን ጥሪ የያዘ መልእክተኛ ተራራውን ተሻግሮ፣ ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ አገና ገበያ ላይ ተናገረ። ሬሳው ልጁ እስክትመጣ ተብሎ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠበቁኝ። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻሉም። እኔ አፋፉ ላይ ጫማዬን አውልቄ ነፋስ ስቀበል አባዬን ከታች አፈር እያለበሱት ነበር።

«አገና ላይ ነው የሰማኸው?» አልኩት አጎቴን።

«አገና ላይ ነው።»

«ፈረሱንም ለዚህ ነው ያመጣኸው?»

«ለዚህ ነው። ቀትር ላይ ትደርሺ ነበር። እንቢ አልሽ።»

«እንቢ አልኩ! ለምን ቀብሩ ሊያመልጥሽ ነው አላልከኝም?»

አጎቴ አንድ ቀን አስቦበት በማያውቀው ነገር የተጠየቀ ሰው ሆኖ አየኝ። «መርዶ ሜዳ ላይ ይነገራል እንዴ? ደጋ ላይ ብትወድቂብኝ ማን ያነሳሻል? ሰው ባለበት፣ ቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ አፍ ነው እንጂ። ምን ብለው ነው ሰዎቹ የሚታዘቡኝ?»

እሱም አልቅሷል። አማቹ ነው፣ ወዳጁ ነው፣ እሱም ቀብሩ አምልጦታል፤ እኔን ጥሎ በዚያ ፈረስ ሊሄድ ይችል ነበር፣ አልሄደም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አንጀቴ ግን አልራራም፣ ዛሬም አልራራም። ሽማግሌው ያውቁ ነበር፣ ሚስታቸው ያውቁ ነበር፣ ባለ ፈረሱ ያውቅ ነበር፣ ሻይ ሻጭዋ ሳትቀር ታውቅ ነበር። ተራራው በሙሉ ስለ አባቴ ሞት ሰምቶ፣ እኔ ለሞተ ሰው ሻይ ስቆጥብ እያየ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ደግነት ነው ይሉኛል። ደግነት ይሁን፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያዋረደኝ ክፋት አላጋጠመኝም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱ በንዴት እንኳ አፍርጦ ይነግረኝ ነበር።

እንሴኖ ስንደርስ ድንኳኑ ተጥሏል። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ለቀስተኛው ተራ በተራ እየመጣ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ከመስቃንም፣ ከቡታጅራም፣ ከደጋውም የመጣ ሰው ነበር፤ ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ሙስሊሙ «አላህ ይዘንለት» ይላል። ቀጥሎ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው የሰማሽው ወይስ ቤት ገብተሽ?»

«ቤት ገብቼ ነው» እላለሁ።

«እሰይ» ይላሉ። «ደግ አደረጉ። አጎትሽ ሰው ነው።» አንዳንዱ ተነስቶ ሄዶ የአጎቴን እጅ ይጨብጠዋል። አጎቴም አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል።

ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ቀብሩ ላይ ደርሰሽ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።